ከቤት ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ፦ የሁለት ቫይረሶች ወረርሽኝ በባሌ ተራሮችና የክትባት ስልት

መግቢያ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። በሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ የሚባለው ይህ እንስሳ በአማርኛ «ቀበሮ» ይባል እንጂ በዘር ሐረጉ ይበልጥ የሚቀርበው ለግራጫው ተኩላ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ፣ በደቡብና በሰሜን ወሎ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች በተነጣጠሉ አነስተኛ ስብስቦች ተበትነው ይገኛሉ። ከአንዳንድ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ፣ ፈጽሞ ጠፍቷል።

የእርሻ ወደ ላይ መስፋፋትና የግጦሽ ጫና የቀይ ቀበሮን መኖሪያ ቀስ በቀስ ያጠባሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ስብስቡን በግማሽና ከዚያም በላይ የሚቀንሰው ግን በሽታ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በባሌ በተደጋጋሚ የታዩት ወረርሽኞች መነሻቸው ሁለት የቤት ውሻ ቫይረሶች ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስና የውሻ ዲስቴምፐር ቫይረስ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚነሡ ይምሰሉ እንጂ በባሕርያቸው ይለያያሉ። በመሆኑም ለአንዱ የሠራ የመከላከያ ስልት ለሌላው እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። ቀይ ቀበሮን ለመጥፋት የሚያቀርበው የአንድ ወረርሽኝ ክፋት ብቻ ሳይሆን በሁለት ወረርሽኞች መካከል ያለው ጊዜ ስብስቡ ለማገገም ከሚያስፈልገው ጊዜ ማጠሩ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የክትባት ዕቅድ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል፤ የመጀመሪያው ቫይረሱ ወደ ቀበሮው የሚገባበትን ድግግሞሽ የሚመለከት ሲሆን ሁለተኛው ከገባ በኋላ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታ ቋትና ተጠቂ

አንድ ቫይረስ በአንድ የእንስሳት ስብስብ ውስጥ ሳይቋረጥ እንዲኖር ሁለት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ በሽተኛ በአማካይ ቢያንስ አንድ ሌላ እንስሳ መያዝ አለበት። ሁለተኛው፣ በሞት ወይም በበሽታ ተከላካይነት ምክንያት ከሰንሰለቱ የወጡትን የሚተኩ አዳዲስ ተጋላጮች በበቂ ፍጥነት መወለድ ወይም ከሌላ ቦታ መምጣት አለባቸው። ሁለተኛው ሁኔታ ካልተሟላ ወረርሽኙ እንደ ሰደድ እሳት ያገኘውን ማገዶ ጨርሶ በራሱ ይጠፋል።

ይህ ሐሳብ በኩፍኝ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ክትባት ከመጀመሩ በፊት በተደረገ ትንተና፣ ከሩብ ሚሊዮን እስከ 300 ሺህ ሕዝብ በማይሞላቸው ከተሞች ኩፍኝ ከየወረርሽኙ በኋላ እየጠፋ ከውጭ ሲገባ ብቻ እንደሚመለስ ታውቋል። የውሻ ዲስቴምፐር ቫይረስ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። በባሌ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወልዳሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን በአብዛኛው የምትወልደውም አንዲት የበላይ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ስብስብ ኩፍኝ መሰል ቫይረስን ከዓመት ዓመት ሊያቆይ አይችልም። የእብድ ውሻ በሽታም የያዘውን ሁሉ ስለሚገድል በትንሽ ስብስብ ውስጥ ተጋላጮችን በፍጥነት ጨርሶ ይቆማል።

ስለዚህ በበሽታ ሥነ ምኅዳር ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ «ዒላማ ስብስብ» ነው፤ በዚህ ጉዳይ ቀይ ቀበሮው። ቫይረሱን ብቻውን ያለማቋረጥ ሊያኖር የሚችል ስብስብ «ማቆያ ስብስብ» ይባላል። በሽታው ወደ ዒላማው እየተመላለሰ የሚገባበት አጠቃላይ ሥርዓት ደግሞ «የበሽታ ቋት» ነው። ቋቱ አንድ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ብቻቸውን ቫይረሱን ሊያቆዩ የማይችሉ፣ ነገር ግን ተጋግዘው የሚያቆዩት የብዙ ዝርያዎች ጥምረትም ሊሆን ይችላል። ውሻ ምንጭ ነው ማለትና ውሻ ብቸኛው ቋት ነው ማለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። በመስክ ሥራ ላይ ይህ ልዩነት የገንዘብና የጊዜ አመዳደብን ይወስናል፤ ቋቱ ውሻ ብቻ ከሆነ ውሻን መከተብ በሽታውን ከሥሩ ይነቅላል፤ ሌሎች የዱር እንስሳት ከተጨመሩበት ግን ውሻን መከተብ አንዱን በር መዝጋት ብቻ ይሆናል።

በባሌ የውሻው ሚና በቀላሉ የሚታይ ነው። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች አሉ፤ አብዛኞቹ አይታሰሩም፣ ምግባቸውንም በከፊል ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ። ጎዳንቱ በሚባለው ባህላዊ የወቅት ዝውውር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ደጋው ግጦሽ ሲያወጡ ውሾቹም ይከተላሉ። ውሻ ከብቱን ከጅብና ከነብር ስለሚጠብቅ ለአርብቶ አደሩ ቅንጦት ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። በዚህ ምክንያት ሰውና ከብት በደረሱበት ሁሉ ውሻ ይደርሳል፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ በሚያድንበት ሜዳም ከእርሱ ጋር ይገናኛል። ግንኙነቱ የቅርብ መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ በባሌ ከውሻና ከቀይ ቀበሮ የተዳቀሉ እንስሳት መገኘታቸው ነው።

የሁለቱ ቫይረሶች ባሕርይ

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻ፣ በምራቅ አማካይነት ይተላለፋል። ከቁስሉ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ እንስሳው ይሞታል። በውሾች መካከል ያለው መሠረታዊ የመተላለፍ ቁጥር፣ ማለትም አንድ በሽተኛ ሁሉም ተጋላጭ በሆኑበት ስብስብ ውስጥ በአማካይ የሚይዛቸው እንስሳት ብዛት፣ በተለያዩ አገሮች ሲለካ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ነው። ይህ ዝቅተኛ ቁጥር በሽታውን በክትባት ማጥፋት እንደሚቻል ተስፋ ይሰጣል።

የቀይ ቀበሮው ማኅበራዊ ኑሮ ግን ለዚህ ቫይረስ ምቹ ነው። ቀበሮው ብቻውን ያድናል፤ ሆኖም በባሌ በአማካይ ስድስት ያህል አዋቂዎች ባሉት ቡድን ውስጥ ይኖራል። የቡድኑ አባላት ንጋትና ምሽት ላይ ተሰባስበው ይሳለማሉ፣ ፊት ለፊት ይላላሳሉ፣ የግዛታቸውንም ድንበር አብረው ይቃኛሉ። በድንበሩ ላይ ከጎረቤት ቡድን ጋር ይጋጫሉ። አንድ አባል ሲታመም ሌሎቹን የመንከስ ዕድሉ ሰፊ በመሆኑ ቡድኑ በአንድነት ይጠፋል፤ በድንበር ግጭትም በሽታው ወደ ቀጣዩ ቡድን ይሻገራል።

የውሻ ዲስቴምፐር ቫይረስ ኩፍኝና የከብት ደስታ በሽታ ከሚመደቡበት ወገን ነው። በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ ነው። በመጀመሪያ የሚያጠቃው የመከላከያ ሥርዓቱን ነጭ የደም ሴሎች በመሆኑ እንስሳውን ለሌሎች በሽታዎች ያጋልጣል፤ ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀትና ወደ ነርቭ ሥርዓት ይዛመታል። ከእብድ ውሻ በሽታ በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ የተረፈ እንስሳ ለረጅም ዘመን የሚቆይ መከላከያ ያገኛል። ሁለተኛ፣ የሚያጠቃቸው ዝርያዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከውሻ ወገን አልፎ አንበሳን፣ ጅብን፣ የሙስተላ ወገኖችንና ሌሎችንም ይይዛል። ይህ ሁለተኛው ባሕርይ የቋቱን ማንነት መለየት አስቸጋሪ ያደርገዋል።

የወረርሽኞቹ ቅደም ተከተል

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በጥናት ክትትል ሥር ከነበሩት ቡድኖች አባላት ሦስት አራተኛ የሚጠጉትን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ስብስቡ ያገገመው በዝግታ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ ከቀበሮው ማኅበራዊ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የተረፉት ጥቂት እንስሳት ወዲያውኑ አዳዲስ ቡድኖችን አይመሠርቱም፤ አዲስ ቡድን እስኪፈጠርና አዲስ የምትወልድ ጥንድ እስክትገኝ ድረስ የቁጥሩ ዕድገት ይገታል።

በ2003 መገባደጃ በወብ ሸለቆ በሽታው ተመልሶ ታየ፤ በዚያው ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2008 እና 2009፣ ቀጥሎም በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ እንደገና ተከሠተ። በእነዚህ መካከል ደግሞ ዲስቴምፐር ገባ፤ በ2005 እና 2006፣ በ2010 እንዲሁም በ2015።

የ2005–2006 እና የ2010 የዲስቴምፐር ወረርሽኞች ዝርዝር መረጃ ትምህርት ሰጪ ነው። በተጠቁት ንዑስ ስብስቦች የሞት መጠኑ ከ43 እስከ 68 በመቶ ነበር። ጉዳቱ በዕድሜ እኩል አልተከፋፈለም፤ ለአካለ መጠን ካልደረሱት ወጣቶች ከ83 እስከ 87 በመቶ ሲሞቱ ከአዋቂዎቹ የሞቱት ከ34 እስከ 39 በመቶ ነበሩ። አዋቂዎች በከፊል መትረፋቸው ቡድኑ እንዳይበተን ቢያግዝም የወጣቶቹ እልቂት በሚቀጥሉት ዓመታት ሊተኩ የሚገባቸውን ወላጆች ያሳጣል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው የጊዜው ቅርበት ነው። የ2010ሩ ዲስቴምፐር የጀመረው ከእብድ ውሻ በሽታው ወረርሽኝ 20 ወራት በኋላ፣ ስብስቡ ገና ሳያገግም ነበር። በወብ ሸለቆ ክትትል ይደረግባቸው የነበሩ በርካታ ቡድኖች ፈጽመው ጠፉ። አንደኛው በሽታ ለየብቻ ቢመጣ ሊቋቋመው ይችል የነበረ ቡድን፣ ሁለቱ ሲደራረቡበት አልቻለም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚወልድ እንስሳ ሦስት አራተኛውን ካጣ በኋላ ሁለት የመራቢያ ወቅት እንኳ ሳይሞላ ሌላ ግማሽ ቢያጣ፣ ከመቶ የቀሩት 25 ወደ 12 ወይም 13 ይወርዳሉ። በዚህ ደረጃ የሚቀጥለው ዕድል የሚወሰነው በቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ተጓዳኝ በማጣት፣ በዝምድና መራባትና በአጋጣሚም ጭምር ነው።

ውሻን መከተብ፦ ጥቅሙና ወሰኑ

በባሌ ዙሪያ ያሉ ውሾችን የመከተብ ሥራ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም አማካይነት ሲካሄድ ቆይቷል። ጥቅሙ ለዱር እንስሳው ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ በየዓመቱ የሚሞቱትም 59 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። ያበደ ውሻ የነከሰው ላም ወይም ፈረስም ለአርብቶ አደሩ ትልቅ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የውሻ ክትባት የሰውን፣ የከብትንና የቀበሮን ጥቅም በአንድ ላይ የሚያስጠብቅ ብርቅ አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው እየተካሄደም ወረርሽኞች ተከሥተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል።

የመሠረታዊ መተላለፍ ቁጥሩ 1.5 ነው ቢባል፣ በሽታውን ለመግታት ሁልጊዜ የተከተበ ሆኖ መገኘት ያለበት የውሾች ድርሻ ከአንድ ላይ የ1.5 ተገላቢጦሽ ሲቀነስ የሚገኘው፣ ማለትም 33 በመቶ ነው። ታዲያ በዘመቻ ጊዜ 70 በመቶ እንዲከተብ የሚመከረው ለምንድን ነው? ውሻ ዕድሜው አጭር፣ ወሊዱም ፈጣን ስለሆነ ነው። በዓመት ከውሾቹ 35 በመቶው በሞት ወይም በስደት ወጥተው ባልተከተቡ ቢተኩ፣ በዘመቻው ዕለት 70 በመቶ የነበረው ሽፋን ከዓመት በኋላ ወደ 46 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ አሁንም ከመግቻው በላይ ነው። ዘመቻው 50 በመቶ ብቻ ደርሶ ከነበረ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ከ33 በመቶ በታች ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ መርሁ ግን የጸና ነው። ሽፋኑ የሚለካው በዘመቻው ማግሥት ሳይሆን በቀጣዩ ዘመቻ ዋዜማ ነው።

በባሌ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉ። በጎዳንቱ ወቅት ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጡ ውሾች በነዋሪዎቹ ዘመቻ ያልታቀፉ ሊሆኑ ይችላሉ። አማካይ ሽፋኑ ጥሩ ቢሆንም ያልተከተቡት በአንድ መንደር ከተሰበሰቡ ደግሞ ቫይረሱ በዚያ ክፍተት ይሽሎከለካል። ስለዚህ የውሻ ክትባት ቫይረሱ ወደ ቀበሮው የሚገባበትን ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ መግቢያውን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ግን ከፓርኩ ዙሪያ ተሻግሮ ሰፊ አካባቢን ሲያዳርስ ነው።

በዲስቴምፐር ጉዳይ ስሌቱ ይከብዳል። በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ የመተላለፍ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ 5 ቢሆን የሚያስፈልገው የማያቋርጥ ሽፋን 80 በመቶ ይሆናል፤ 70 በመቶ የደረሰ ዘመቻ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በቂ አይደለም። ለእብድ ውሻ በሽታ ውጤታማ ሊሆን የሚችለው የውሻ ክትባት ለዲስቴምፐር ብቻውን መፍትሔ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቀበሮውን መከተብ፦ ትንሽ ሽፋን፣ ትክክለኛ ቦታ

የዱር እንስሳን ይዞ መከተብ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። በሴሬንጌቲ የአፍሪካ የዱር ውሾች በ1991 ከጠፉ በኋላ፣ መያዝና መከተብ ያስከተለው ጭንቀት የተኛ ቫይረስ ቀሰቀሰ የሚል መላ ምት በ1992 ቀርቦ ነበር። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ለመላ ምቱ ጠንካራ ድጋፍ አላገኙም፤ ክርክሩ ግን ጥንቃቄን አስተምሮ አልፏል። ሌላም ምሳሌ አለ፤ በሰሜን አሜሪካ በተዳከመ ሕያው የዲስቴምፐር ክትባት የተከተቡ ጥቁር እግር ፌሬቶች ከክትባቱ በተነሣ በሽታ ሞተዋል። ለውሻ የተዘጋጀ ክትባት ለሌላ ዝርያ ደኅና ነው ብሎ አስቀድሞ መገመት አይቻልም።

በ2003 የወብ ሸለቆ ወረርሽኝ በቤተ ሙከራ ሲረጋገጥ ግን ዝም ብሎ ማየት ራሱ አደጋ ሆነ። በአስቸኳይ ውሳኔ ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች እየተያዙ በመርፌ ተከተቡ። ስልቱ ሁሉንም ለማዳረስ የታሰበ አልነበረም። የባሌ ቀበሮዎች በጠባብ የመኖሪያ መተላለፊያዎች በተያያዙ ንዑስ ስብስቦች የተከፈሉ በመሆናቸው፣ ክትባቱ ያተኮረው ወረርሽኙ ከወብ ወደ ሌሎቹ ሊሻገር በሚችልባቸው መተላለፊያዎች አካባቢ ባሉ ቡድኖች ላይ ነበር። በሽታው ወደ ሳነቴ አምባ ሳይደርስ ቆመ።

ከዚህ ልምድና ከቀደሙት ወረርሽኞች መረጃ በመነሣት በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው የሂሳብ ትንተና አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አጸና። የተለመደው የክትባት ግብ የመተላለፍ ቁጥሩን ከአንድ በታች ማውረድ ነው፤ ይህም የስብስቡን አብዛኛውን ክፍል መከተብን ይጠይቃል። ለብርቅዬ እንስሳ ግን ግቡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትናንሽ ወረርሽኞችን ችሎ ትላልቆቹን ብቻ መከላከል። ስብስቡን የሚያጠፉት ትላልቆቹ ስለሆኑ ይህ ግብ በዝቅተኛ ሽፋን ይደረስበታል። ቀደም ሲል በ2002 የታተመ ትንተናም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ቀበሮዎች መከተብ ትላልቆቹን የቁጥር ማሽቆልቆሎች ለማስቀረት ሊበቃ እንደሚችል አመልክቶ ነበር።

በዘዴ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ መታከል አለበት። የ2003ቱ ወረርሽኝ መቆም በክትባቱ ብቻ የመጣ ነው ብሎ በሙከራ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ለንጽጽር ያልተከተበ ሁለተኛ ባሌ የለምና። የሂሳብ ሞዴሉ ክብደት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ክትባት ባይኖር ሊሆን ይችል የነበረውን ከቀደሙት ወረርሽኞች ጋር ለማነጻጸር ያስችላል።

ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ክትባት ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሬሳ ተገኝቶ፣ ናሙናው ተልኮ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ቫይረሱ ሳምንታት ይቀድማል። ስለዚህ ትኩረቱ በምግብ ውስጥ ተደርጎ በአፍ ወደሚሰጥ ቅድመ ክትባት ተሸጋገረ። በባሌ በተደረገው ሙከራ ቀበሮዎቹ ከቀረቡላቸው ማባበያዎች ይበልጥ የወደዱት የፍየል ሥጋ ሆኖ ተገኘ። በሌሊት ማደሉም ተመራጭ ሆነ። ኤስኤጂ2 የተባለው ክትባት ከተሰጠ በኋላ ከተያዙት 21 ቀበሮዎች በ14ቱ ክትባቱን መብላታቸውን የሚያሳየው አመልካች ንጥረ ነገር ተገኝቷል። ከ14ቱ ሰባቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለውን የፀረ እንግዳ አካል መጠን፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ፣ ያሟሉ ሲሆን 12ቱ ደግሞ ከ0.2 በላይ ነበራቸው። የናሙናው መጠን ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከላይ ከተጠቀሰው ዝቅተኛ ሽፋን ጋር ሲታይ ውጤቱ አበረታች ነበር። በ2018 የመጀመሪያው መደበኛ የአፍ ክትባት ዘመቻ ተጀመረ።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ንጽጽር

የባሌ ልምድ ብቻውን ሲታይ «ምንጩ ውሻ ነው» የሚለው መደምደሚያ ለሁሉም ቦታና ለሁለቱም ቫይረሶች የሚሠራ ይመስላል። በዲስቴምፐር ላይ በሌሎች አገሮች የተገኙ ሁለት ውጤቶች ይህን መደምደሚያ ይገድቡታል።

የመጀመሪያው በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ነው። በ1994 ዲስቴምፐር ከፓርኩ አንበሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ወደ 1,000 የሚጠጉትን፣ ገደለ። በፓርኩ ዙሪያ ብዙ ውሾች ስለነበሩ ጣት የተቀሰረው በእነርሱ ላይ ነበር። በኋላ የተደረገ ምርምር ሁለት ነገሮችን ጨመረ። አንደኛ፣ አንበሶቹ ቀደም ሲል ለቫይረሱ ተጋልጠው ያለ ብዙ ሞት አልፈዋል፤ የ1994ቱን ልዩ ያደረገው ከድርቅ በኋላ በመዥገር የሚተላለፍ ባቤዢያ የተባለ የደም ጥገኛ ተሕዋስ ተደርቦ መገኘቱ ነው። ሁለተኛ፣ በ2015 የታተመ የረጅም ጊዜ የደም ናሙና ትንተና እንዳሳየው፣ የውሾች ክትባት በውሾች ላይ ያለውን በሽታ ቢቀንስም አንበሶቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ መያዛቸው አልቀረም። ይህም ቋቱ ከውሻ በተጨማሪ ሌሎች የዱር እንስሳትን እንደሚያካትት ያመለክታል።

ሁለተኛው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የሚኖረው የአሙር ታይገር ነው። በ2020 የታተመ ጥናት የቫይረሱን ዘረመልና የደም ናሙናዎችን አጣምሮ ሲመረምር የታይገሮቹ የበሽታ ምንጭ በዋናነት ውሻ ሳይሆን የአካባቢው የዱር ሥጋ በሎች መሆናቸውን አገኘ። እነዚያን ትናንሽ እንስሳት በጫካ ውስጥ መከተብ ስለማይቻል የቀረው አማራጭ ራሱን ታይገሩን መከተብ ነበር። ትንተናው በየዓመቱ ጥቂት ታይገሮችን ብቻ መከተብ የትንሽ ስብስብን የመጥፋት ዕድል በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዝርያና በሌላ ቫይረስ ላይ የተገኘው ውጤት በባሌ ለእብድ ውሻ በሽታ ከተደረሰበት ሐሳብ ጋር መገጣጠሙ ልብ ሊባል ይገባል።

ለባሌ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ሁለቱም እርምጃዎች፣ የውሻና የቀበሮ ክትባት፣ ይሠራሉ፤ ይደጋገፋሉም። በዲስቴምፐር ላይ ግን የውሻ ክትባት ጥቅሙ ቢኖርም አስተማማኝ አይደለም፤ የቋቱ ማንነትም ከውሻ ሊሰፋ ይችላል። በባሌ ከቀይ ቀበሮው ጋር ጅብና ቀበሮ መሰል ሌሎች ሥጋ በሎች መኖራቸው ሲታሰብ ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ለዲስቴምፐር ቀበሮውን በቀጥታ መከተብ የሚኖረው ድርሻ ይበልጣል። ለዚህም ሕያው የዲስቴምፐር ቫይረስ የማይገኝባቸው፣ በሌላ ቫይረስ ተሸካሚነት የተሠሩ ክትባቶች ከተዳከሙት ሕያው ክትባቶች የተሻለ ደኅንነት አላቸው።

ማጠቃለያ

የባሌ ወረርሽኞች ታሪክ የሚያሳየው ቀይ ቀበሮ የቫይረሶቹ ማደሪያ ሳይሆን መጨረሻ መሆኑን ነው። ቫይረሱ ይገባል፣ ያገኘውን ያጠፋል፣ ራሱም ይጠፋል፤ ከዚያም ከውጭ ተመልሶ ይመጣል። የስብስቡን ዕጣ የሚወስነው ይህ መመላለስ ከማገገሚያው ጊዜ ጋር የሚያደርገው ሩጫ ነው። የውሻ ክትባት በወረርሽኞች መካከል ያለውን ጊዜ ያራዝማል፤ በመተላለፊያዎች ላይ ያተኮረ የቀበሮ ክትባት የእያንዳንዱን ወረርሽኝ ስፋት ይገድባል። አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ ለወጣት ተመራማሪዎች ሦስት የሥራ መስኮች ይከፈታሉ። የመጀመሪያው የውሻው ሥነ ሕዝብ ነው። በባሌና በአርሲ ደጋ የውሾች የልደት፣ የሞትና የወቅታዊ ዝውውር መጠን በትክክል ሳይታወቅ የክትባት ሽፋን በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደሚቀር ማስላት አይቻልም። ሁለተኛው የዲስቴምፐር ቋት ነው። ከጅብና ከሌሎች የዱር ሥጋ በሎች የሚወሰድ የደም ናሙና ከውሻውና ከቀበሮው ናሙና ጋር በጊዜ ቅደም ተከተል ሲተነተን ማን ለማን እንደሚያስተላልፍ ማየት ይቻላል። ሦስተኛው የምርመራ ፍጥነት ነው። በመስክ ላይ በሰዓታት ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታን ከዲስቴምፐር ለመለየት መቻል፣ የትኛው ክትባት በየትኛው መተላለፊያ ላይ መዋል እንዳለበት በወቅቱ ለመወሰን ያስችላል፤ ሁለቱም በሽታዎች የነርቭ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ በዓይን ብቻ መለየቱ አስተማማኝ አይደለም።

የእንስሳት ሕክምና፣ የሕዝብ ጤናና የዱር እንስሳት ጥበቃ በየተቋማቸው ተነጣጥለው የሚሠሩ ዘርፎች ናቸው። በባሌ ደጋ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ውሻ ላይ ይገናኛሉ። ያ ውሻ በየዓመቱ ከተከተበ እረኛው፣ ከብቱና ቀበሮው አብረው ይጠበቃሉ፤ ካልተከተበ ግን ከሦስቱ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነውና ዳግም ሊተካ የማይችለው ቀይ ቀበሮው ነው።